ማኑዋሉን ተከትለህ ድራይቨሩ እምቢ ሲል፦ የሆሄ ስህተት ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ የዳታቤዝ ድራይቨር (ፕሮግራምን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኝ ሶፍትዌር) መጫኛ ማኑዋል በአማርኛ ለሚጽፍና ለሚያርም ሰው ነው። ሰርቨሩ መነሳቱን፣ ኔትወርኩን፣ ፓስወርዱን አይተሃል ብዬ ነው የምጀምረው።

ምልክት፦ «ተስማሚ ድራይቨር አልተገኘም»

ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ለዚህ መልእክት የማይሞከር ነገር የለም። ጃቫ እንደገና ይጫናል፣ የድራይቨሩ ጃር ፋይል ከሌላ ቦታ ይወርዳል፣ ሲብስ ዊንዶውሱ ፎርማት ይደረጋል። ጃሩ ግን ቦታው ላይ ነው። ጄዲቢሲ (የጃቫ ፕሮግራምን ከዳታቤዝ የሚያገናኘው ክፍል) የተመዘገቡትን ድራይቨሮች አንድ በአንድ «ይህ አድራሻ ያንተ ነው?» እያለ ይጠይቃል። የዳታቤዙ አድራሻ መነሻ (jdbc:postgresql: እንደሚለው) በአንድ ምልክት እንኳ ከተዛባ ሁሉም «የእኔ አይደለም» ይላሉ፤ መልእክቱም የሚወጣው ከዚያ ነው።

ምክንያቱ ደጋግሞ አንድ ነው። ጸሐፊው የአማርኛ ኪቦርዱን ሳያጠፋ የኮለኑን (:) ቁልፍ ተጭኗል፤ የገባው ግን የእኛ ሁለት ነጥብ (፡) ነው። ወረቀት ላይ ማንም አይለያቸውም። ለኮምፒውተሩ ኮለን 58፣ ሁለት ነጥብ 4961 ነው። በዩኒኮድ ፍጹም የተለያዩ ናቸው።

አንድ ፍንጭ አለ፤ ሰው ግን ይንቀዋል። የዊንዶውሱ ጥቁር መስኮት ብዙ ጊዜ ፊደላችንን ማሳየት ስለማይችል በኮለኑ ቦታ የጥያቄ ምልክት ያወጣል። ሁሉም «ፎንት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ፎንት አይደለም፤ ስህተቱ ራሱ ነው።

እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ አካባቢ ላለ ጅምላ አከፋፋይ ሲስተም የሚጭን ልጅ በዚሁ ነገር ደወለልኝ። «አቦ፣ ፊደል አልሳትኩም፤ እንደውም ኮፒ ነው ያደረግኩት!» ችግሩም ኮፒ ማድረጉ ነበር። የታተመውን እያየ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ቢጽፈው ኖሮ በሠራለት። ያው ማኑዋል ለአንዱ እየሠራ ለሌላው እምቢ የሚለው ለዚህ ነው፤ «የኔ ማሽን ላይ ይሠራል» የሚለው ጸሐፊም አልዋሸም፣ በእጁ ስለሚጽፈው ነው።

ሁለት ነጥቡ መነሻው ላይ ሳይሆን ከፖርቱ በፊት ከሆነ ምልክቱ ይቀየራል። ድራይቨሩ የፖርት ቁጥሩን፣ ለምሳሌ የፖስትግሬስኪውኤልን 5432፣ ከሆስቱ (ከሰርቨሩ ማሽን) ስም ጋር አንድ ላይ ወስዶ «እንዲህ የሚባል ሆስት አላውቅም» ይላል።

ከሁሉ የከፋው ድርብ ሰረዝ (፤) ነው። የኤስኪውኤል ሰርቨር ኮኔክሽን ስትሪንግ (የሰርቨሩን ስምና ሌላውን መገናኛ መረጃ የያዘው መስመር) ክፍሎቹን የሚለየው በሰሚኮለን (;) ነው። በቦታው ፤ ከገባ ከሰርቨሩ ስም ጀምሮ ያለው ሁሉ የሰርቨር ስም ይሆንና «ሰርቨሩ አልተገኘም» ይላል። ይሄኔ ሰው የኤስኪውኤል ሰርቨርን ፖርት 1433ን ለመክፈት ፋየርዎል ማጥፋት ይጀምራል። አንድ መሥሪያ ቤት በዚህ ሰበብ የጠፋው ፋየርዎል ጥገናው ካለቀ በኋላም እንደጠፋ ነበር፤ ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ አላየውም። አደራ፣ ለሆሄ ስህተት ፋየርዎል አይነካም። በፒኤስኪውኤል (የፖስትግሬስኪውኤል ትእዛዝ መጻፊያ) ደግሞ ትእዛዙን በ፤ ከዘጋኸው ምንም ስህተት አያወጣም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል። በመስመሩ መጀመሪያ ከዳታቤዙ ስም ቀጥሎ ያለው የእኩል ምልክት (=) ወደ ሰረዝ (-) ከተቀየረ እስካሁን ሰሚኮለን እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

መፍትሄ፦ ፋይሉን ቴክስት ኤዲተር ውስጥ ክፈትና በሬጉላር ኤክስፕረሽን (በምልክት ዓይነት የመፈለጊያ ዘዴ) ፈልግ። ከላቲን ፊደል ወይም ከቁጥር ጋር የተጣበቀ፣ ከ4608 እስከ 4991 ባለው ክልል ያለ ምልክት ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። አንድ በአንድ እያየህ ለውጥ። «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ቁልፍ አትንካው። ደግሜ እላለሁ፣ አትንካው። አንድ አራሚ «የአማርኛ ጽሑፍ በአማርኛ ሥርዓተ ነጥብ ነው» ብሎ ኮለኑን ሁሉ በሁለት ነጥብ ተክቶ ደህና የነበረውን ምሳሌ ሁሉ ገድሎታል።

ምልክት፦ «ዳታ ሶርስ ስሙ አልተገኘም» የሚል የኦዲቢሲ (ሌላው የዳታቤዝ ማገናኛ መንገድ) መልእክት፣ ኮዱ አይኤም002

የድራይቨሩ ስም ከተመዘገበው ጋር አይገጥምም። ለምሳሌ የኤስኪውኤል ሰርቨር ድራይቨር 17 ቁጥሩ ተጭኖ ማኑዋሉ 18 ይላል፣ ወይም ከስሙ መሃል ቃል ወድቋል። ስሙን ከኦዲቢሲ መስኮት የድራይቨሮች ዝርዝር ላይ እያየህ ጻፍ። የ32 እና የ64 ቢት መስኮቶች የተለያዩ መሆናቸውን አትርሳ።

የቀሩት

ወርድ ቀጥ ያለውን ጥቅስ ያጠማዝዘዋል፣ ሁለቱን አጭር ሰረዝ (--) አንድ ረጅም ያደርጋል፣ የመስመር መጀመሪያ ፊደል ያተልቃል። ማስተካከያውን አጥፋው።

በጄዲቢሲ አድራሻ ላይ «ፖስትግሬስ» ብሎ ማሳጠር አይሠራም፤ ሙሉው «ፖስትግሬስኪውኤል» ነው። ሊብፒኪው (የፖስትግሬስኪውኤል የራሱ የሲ ላይብረሪ) ሁለቱንም ስለሚቀበል ብዙ ሰው ይሳሳታል።

«ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ሲል የማይኤስኪውኤል ፖርት 3306 በ3360 ተጽፎ እንደሆነ እይ።

አንባቢ ፒዲኤፉ ውስጥ ሲፈልግ ምንም ካላገኘ፣ አንዱ ገጽ «ጽሑፍ» ሌላው «ፅሁፍ» ይላል ማለት ነው። አንዱን ምረጥና ዝለቅበት።

የቴብልና የኮለም ስም ተሳስቶ ቢጻፍም አታርመው! በአንድ «ዲ» የተጻፈ «አድሬስ» ዳታቤዙ ውስጥ እንዲያ ከሆነ ማኑዋሉም እንዲያው ይበል። ያረምከው ቀን «ኮለሙ የለም» ይመጣል።

ሁሉም ልክ መስሎ አሁንም እምቢ ካለ 8203 ቁጥርን ፈልግ፤ ከድረ ገጽ አብሮ የሚገለበጥ የማይታይ ክፍተት ነው።

የታረመውን በቴሌግራም ስትልክ መልእክት ላይ አትለጥፈው፤ እዚያም ሁለቱ ሰረዝ ይዋሃዳሉ። የቴክስት ፋይሉን ራሱን ላክና ግሩፑ ላይ ፒን የተደረገውን አሮጌውን አጥፋው።