ያረጀ ቦይለር እንዴት ይቀየራል? ለጠባብ ቤት

እናቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ቦይለሯ ከብየዳው ላይ ውሃ ማፍሰስ ሲጀምር እኔና ወንድሜ ልንቀይርላት ሄድን። ስናወርደው ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ። ከስሩ ያለችውን የሴፍቲ ቫልቭ ቀዳዳ የሆነ ሰው በብሎን ጠቅጥቆ ደፍኗታል። ለምን ቢባል፣ ታንጠባጥባለች!

መንጠባጠቧ ሥራዋ ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ተነስቶ 60 ሲደርስ ከግማሽ ሊትር በላይ ይጨምራል። ትርፉ ወደ መጣበት እንዳይመለስ ቫልቩ ይይዘዋል፤ መውጫው በዚያች ቀዳዳ ብቻ ነው። እሷ ተደፍና ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታትም ከተበላሸ ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። እናቴ ከስሩ ቆማ ስትታጠብ ኖራለች።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ መጠኑን ወስኑ። ለአንድና ለሁለት ሰው 30 ሊትር ይበቃል፤ ለሦስትና ለአራት ሰው 50 ግዙ። ሻወር ላይ የሚገጠመው፣ ውሃውን ሳያጠራቅም እያለፈ የሚያሞቀው ኢንስታንት ቦታ ስለማይዝ ያጓጓል። ግን ባለ 5500 ዋቱ ብቻውን 25 አምፒር ይስባል፤ ባለ 1500 ዋት ቦይለር 7 አምፒር ገደማ ነው። የድሮ ሽቦ የመጀመሪያውን ላይችለው ይችላል። ደግሞ መብራት ሲጠፋ ኢንስታንት ወዲያው ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ቦይለር ግን ያሞቀውን ለሰዓታት ይዞ ይቆያል። ለእኛ ከተማ እኔ ቦይለር እመርጣለሁ።

አሮጌውን ለማውረድ ብሬከሩን አጥፉ። ከዚያም ሽቦውን በቴስተር ፈትኑ፤ ብሬከሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ አይታመንም። ውሃውን ዝጉ፣ ከሮቶ የሚመጣውንም ጭምር። ትኩስ ከሆነ እስኪበርድ ጠብቁ። አየር እንዲገባ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈቱና በቀዝቃዛው በኩል ባልዲ ውስጥ አፍስሱት። ከእኛው የወረደው ቡና አተላ የመሰለ ነገር ነበር። ደለሉ ስለሚከብድ ለሁለት ሆናችሁ አውርዱት። ቀፎውን ቆራሌው በደስታ ይወስደዋል።

እኛ ከመስጠታችን በፊት ከፈትነው። ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ ሬዚስታንሱ፣ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ከአጠገቡ ያለው የማግኒዚየም ዘንግ ደግሞ ተበልቶ ቀጭን ሽቦ ሆኗል። ይህ ዘንግ ታንኩ እንዳይዝግ በእሱ ፈንታ የሚበላ ነው። እሱ ሲያልቅ ተራው የታንኩ ነው። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ አስከፍታችሁ እዩት።

አሁን ግድግዳው። 50 ሊትር ውሃ 50 ኪሎ ነው፤ ከራሱ ክብደት ጋር 65 ኪሎ ያልፋል። ግድግዳውን በጣት አንኳኩ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ብሎኬቱ ክፍት ስለሆነ ፊሸር (ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ) አይዘውም። እስከ ወዲያኛው ገጽ የሚያልፍ ብሎን ከነብረት ሳህኑ አስገቡ።

ቧንቧው ቀላል ነው፦ ሰማያዊው የቀዝቃዛ መግቢያ፣ ቀዩ የሙቅ መውጫ። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ጠምጥሙ። አዲሱን ሴፍቲ ቫልቭ ሰማያዊው ላይ ግጠሙ፤ ቀስቱ ወደ ቦይለሩ ያመልክት። በቫልቩና በቦይለሩ መካከል መዝጊያ አይግባ። ከቀዳዳዋ ላይ ቀጭን ቱቦ አውርዱ፣ ጫፉ ክፍት ይሁን።

መብራቱን ለባለሙያ ስጡ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ለብቻው 16 አምፒር ብሬከር፣ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ እና ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ኧርዝ። የኧርዝ ሽቦው አረንጓዴና ቢጫ ነው። ሠራተኛው "ያለሱም ይሠራል" ካላችሁ እውነቱን ነው፤ ይሠራል። ሬዚስታንሱ የተሰነጠቀ ቀን ግን ኤሌክትሪኩ እርጥብ ገላችሁ ላይ ነው የሚመጣው። ቤቱ ውስጥ ኧርዝ ከሌለ መጀመሪያ እሱ ይሠራ።

ይህን ሁሉ ውሃ በሚመጣበት የፈረቃ ቀን አድርጉት። ሳይሞላ መብራት ከበራ አዲሱ ሬዚስታንስ በደቂቃዎች ይቃጠላል። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍታችሁ ሙሉት። መጀመሪያ አየሩ እየሳለ እየተፋ ይወጣል፤ ወጥ ሆኖ መውረድ ሲጀምር ሞልቷል። መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት ጥረጉ፤ ሶፍቱ ከራሰ ጠበቅ አድርጉት። ከዚያ አብሩ። ባለ 1500 ዋቱ 50 ሊትሩን 60 ዲግሪ ለማድረስ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል።

የእናቴ ቦይለር ገና መሞቅ ሲጀምር ቀዳዳዋ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረች። "እንዴ፣ ይሄም ያንጠባጥባል?" አለች እማዬ። ወንድሜ ቱቦውን ወለሉ ላይ እስካለው ፍሳሽ ድረስ አወረደላት። ማንም ሰው መጥቶ እንዳይደፍናት ደግሞ አጠገቧ ግድግዳው ላይ በማርከር ጻፍንበት፦ "አይነካ፣ ሥራዋ ነው።"