አሮጌ ኮሮላ ልትገዛ ነው? ጠዋት ሂድ
ቀለሙን ተወውና ሞተሩ ሳይሞቅ ደርሰህ እየው፣ አሙቀው ከጠበቁህ የሚደብቁት ነገር አለ በል። የራዲያተሩን ክዳን ክፈት፣ በቀዝቃዛው ብቻ ታዲያ፣ ሲሞቅ ፊትህን ነው የሚያቃጥልህ። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይ የዘይት መሙያው ክዳን ስር ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ካለ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት ሳይሄድ አይቀርም፣ ጋስኬቱ ራሱ ርካሽ ነው ግን ቴስታታ ማውረዱና ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላጥበት) ወስዶ ማስላጡ ነው ኪስህን የሚያራግፈው። ሰማያዊ ጭስ ካየህ ዘይት እየበላች ነው፣ ምክንያቱ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ከሆነ ሞተር ሊወርድ ነው። አሞርዛተር፣ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ ቢያልቅ አያስፈራም፣ ዋጋ አስቀንስበት። የኔን መኪና አንዱ መካኒክ ቴርሞስታቷን (የሞተር ሙቀት መቆጣጠሪያዋን) "ምን ያደርግልሃል" ብሎ አውጥቶ ጣላት፣ ከዛ ወዲህ መኪናዋ ቶሎ አትሞቅም፣ ቤንዚን ግን ትጠጣለች። መለዋወጫ ዕቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሦስት ሱቅ ሳትጠይቅ እንዳትገዛ፣ የወለቀውንም አሮጌ ዕቃ ከመካኒኩ ተቀበል።