የሸክላ ማሰሮ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ለምንድን ነው? ሳይንሳዊ ሙከራ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሰራ

የሸክላ ማሰሮ ውሃ እንደሚያቀዘቅዝ አዳማ ላይ የማያውቅ የለም። ምክንያቱ ሲጠየቅ ግን መልሱ ይበዛል፤ አንዱ «ሸክላ ተፈጥሮው ቀዝቃዛ ነው» ይላል፣ ሌላው ውፍረቱን፣ ሌላው ነፋሱን ያነሳል። ማን ልክ እንደሆነ በክርክር አይለይም፤ በሁለት ማሰሮና በአንድ ቴርሞሜትር ግን ይለያል።

ጥያቄውን ማጥበብ

«ማሰሮ ይሻላል ወይስ ሃይላንድ?» ብሎ መጀመር ያጓጓል። ሁለቱ ግን በውፍረት፣ በቅርጽ፣ በአፍ ስፋትም ይለያያሉ። የማሰሮው ውሃ ቢቀዘቅዝ የትኛው ልዩነት እንዳቀዘቀዘው ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ አንድ ምክንያት ብቻ ምረጡና መላምት አድርጋችሁ ጻፉት፦ ውሃው በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሰርጎ ይወጣል፣ ይተናል፣ ሲተንም ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ይህ እውነት ከሆነ ትነቱ ሲታገድ ማሰሮው ማቀዝቀዙን መተው አለበት። ጥሩ መላምት ምን ቢታይ ውድቅ እንደሚሆን አስቀድሞ ይናገራል።

ካዩት ነገር ተነስቶ ወደ ሙከራ መሄድ በሀገራችን የታወቀ ምሳሌ አለው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። በማየት ብቻ አልቆሙም፤ ነገሩን ወደ ሙከራ ወስደው እንዶድ ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጡ።

ዕቃ ማዘጋጀት

በመጠንና በቅርጽ የሚመሳሰሉ ሁለት ማሰሮዎች ግዙ። ያልተሟሹ ይሁኑ፤ በዘይት የተሟሸ ሸክላ ቀዳዳው ስለሚደፈን ውሃ አያሰርግም። ሁለቱንም ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩ። በማግስቱ ውሃውን ድፉና አንዱን ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ታች በፌስታል አጥብቃችሁ ጠቅልሉት፣ ሌላውን እንዳለ ተዉት። የተጠቀለለው ማነጻጸሪያችሁ ነው። ሸክላው ያው ነው፣ ውፍረቱም ያው ነው፤ የጎደለው ትነቱ ነው። የሙከራው ልብ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ አትቸኩሉ።

የትኩሳት መለኪያ ለዚህ አይሆንም፤ የሚያነበው ከሰውነት ሙቀት ብዙ ያልራቀውን ብቻ ነው። የምግብ ወይም የቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ፈልጉና ፈትሹት። ውሃ በገባበት የተከሰከሰ በረዶ ውስጥ 0 ዲግሪ ገደማ ማሳየት አለበት። በፈላ ውሃ ውስጥ 94 አካባቢ ቢያሳይ ተበላሽቷል አትበሉ፤ አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 100 ሳይደርስ ይፈላል።

መለካት

ከአንድ ባልዲ እኩል ውሃ ቅዱና ማሰሮዎቹን ከድናችሁ ጥላ ስር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት፣ በየሰዓቱ ውሃውን አማስላችሁ ለኩ። የአየሩንም ሙቀት አብራችሁ መዝግቡ። ያነበባችሁትን ወዲያው ጻፉ፤ እንግዳ ቁጥር ቢመጣ አትሰርዙት፣ አጠገቡ ማስታወሻ ያዙለት።

በሌላ ቀን ድገሙት፤ ስትደግሙ ግን ፌስታሉን ወደ ሌላኛው ማሰሮ አዛውሩት። አንደኛው ማሰሮ በአሰራሩ ብቻ የተሻለ ቢሆን የምትይዙት በዚህ ነው።

ውጤቱን ማንበብ

ያልተጠቀለለው በየቀኑ ከተጠቀለለው ቀዝቅዞ ከተገኘ መላምቱ ፈተናውን አልፏል። ልዩነቱ በአንድ ማሰሮ ላይ ከቀን ወደ ቀን ከሚታየው መለዋወጥ ካልበለጠ ግን ገና ምንም ማለት አይቻልም፤ ድግግሞሹን ጨምሩ። ሁለቱም እኩል ከሆኑ ያልተጠቀለለውን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ውጭው ካልረጠበ ውሃው አልሰረገም።

ሚዛን ያለው ሰው ከዚህ በላይ መሄድ ይችላል። 1 ግራም ውሃ ሲተን 2,400 ጁል ገደማ ሙቀት ይወስዳል፤ 1 ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ ደግሞ 4,200 ጁል ገደማ መውጣት አለበት። ስለዚህ ሙቀቱ ሁሉ ከውሃው ቢመጣ ለእያንዳንዱ ሊትር፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 2 ግራም የማይሞላ ትነት ይበቃ ነበር። ያልተጠቀለለውን ማሰሮ ጠዋትና ከሰዓት መዝኑት። የጎደለው ክብደት ከስሌቱ ይበልጣል፤ አየሩም ሙቀት እየመለሰለት ነውና።

ከዚያ በኋላ ነፋሱን ያነሳው ሰው ተራ ይደርሳል። የነፋስ ተርባይን በተተከለባት አዳማ ይህ ጥያቄ ሊታለፍ አይገባም። ሁለቱንም ማሰሮዎች ሳትጠቀልሉ አንዱን ነፋስ በሚያገኘው በረንዳ፣ ሌላውን ከነፋስ በተከለለ ጥላ አስቀምጡ፤ የሁለቱ ቦታዎች የአየር ሙቀት እኩል መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ለኩ።