በኤርታሌ ዓይን አንዲስን ማየት፦ ስለ እሳተ ገሞራ ሰንሰለቶች ሥር የሚሠሩ ስህተቶች

ለእኛ ቅርቡ እሳተ ገሞራ የስምጥ ሸለቆው ነውና የመጀመሪያው ስህተት ከዚያው ይነሣል፦ ሌላውም ሁሉ እንደዚያው የሚቀልጥ ይመስለናል። አፋር ላይ የምድር ቅርፊት ሲለጠጥ ትኩሱ ማንትል (ከቅርፊቱ በታች ያለው ወፍራም የአለት ንብርብር) ወደ ላይ ይወጣል፤ ጫናው ሲቀልለትም ይቀልጣል። ከደቡብ አሜሪካው የተራራ ሰንሰለት ከአንዲስ ሥር የሚሰጥመው የውቅያኖስ ወለል ግን ቀዝቃዛ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ከማዕድናቱ ውኃ ይለቃል፣ በላዩ ያለውን ማንትል የሚያቀልጠውም ይኸው ውኃ ነው። በዚያ ጥልቀት ደረቅ ማንትል ከ1400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይፈልጋል፤ ውኃ ያገኘ ግን በ1000 ዲግሪ አካባቢም መቅለጥ ይጀምራል። ስለዚህ «የሚሰጥመው ወለል ሰበቃ አቀለጠው» የሚለው የተለመደ መልስ ይሰረዝ።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ግን ሆርንብሌንድ በተባለው ማዕድን የተሞላው ጥቁር አለት፣ ሆርንብሌንዳይት ላይ ነው። ባዩት ቁጥር «ከማግማ ተለይቶ የዘቀጠ ክምችት» ይሉታል። በኒውዚላንድ ፊዮርድላንድ፣ በክሪቴሺየስ (በዳይኖሰሮች የመጨረሻ) ዘመን ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ የነበረ የሰንሰለት ሥር ዛሬ በእግር ይረገጣል። በዚያው በፔምብሮክ ሸለቆ ያለው ሆርንብሌንዳይት የተፈጠረው ውኃ ያዘለ ማግማ በጋብሮው ናይስ (ጋብሮ የተባለ የማግማ አለት በሙቀትና በጫና ተለውጦ የሆነው አለት) ውስጥ ሲያልፍ፣ ነባሮቹን ማዕድናት እየበላ በሆርንብሌንድ በመተካቱ ነው። አስቡት፦ ሆርንብሌንድ ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማ ውኃ ነው፤ ደረቁ ናይስ ይህን ከየት ያመጣል?

ስለዚህ ናሙና ከመሃል ብቻ አይወሰድ። ከነባሩ አለት ተነሥታችሁ ወደ ጥቁሩ ደረጃ በደረጃ ውሰዱ። በሆርንብሌንዱ እምብርት የቀረ ፓይሮክሲን (ከነባሮቹ ማዕድናት አንዱ) ፈልጉ። 0.03 ሚሊሜትር ሆኖ በተፋቀው ቁራጭ ላይ፣ በማዕድናት ድንበር መካከል እየሾለ የሚገባ ፌልድስፓር የተባለ ስስ ማዕድን ካያችሁ ማግማ ያለፈበት ዱካ ነው። «አለቱን የሚያቋርጥ የግራናይት መስመር የለም፣ ስለዚህ ማግማ አላለፈም» ማለትም ያሳስታል፤ አላፊው መንገዱን ይለውጣል እንጂ ራሱ አይቀመጥም።

በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ከሚለኩት ንጥረ ነገሮች ስትሮንቲየም በዝቶ ይትሪየም ሲያንስ «የሰጠመው ወለል ራሱ ቀለጠ» ብሎ መቸኮልም አለ። በወፍራም ቅርፊት ሥር ጋርኔት የተባለው ማዕድን ይትሪየሙን ይዞ ያስቀራል፣ ስትሮንቲየምን የሚይዘው ማዕድን ፕላጂዮክሌዝም ስለማይረጋ ስትሮንቲየሙ ከማግማው ጋር ይወጣል። ያ የስትሮንቲየምና የይትሪየም ሬሾ ብቻውን የሚናገረው ስለ ጥልቀት ነው።

በመጨረሻም የሰንሰለቱ ሥር እንደተተከለ ይኖራል ብላችሁ አታስቡ። በሥሩ የሚገኘው የጋርኔት ፓይሮክሲናይት (ጋርኔትና ፓይሮክሲን ያለበት አለት) እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ከ3.4 ግራም ይበልጣል፤ የማንትሉ 3.3 አካባቢ ነው። ከባዱ ይሰምጣል። በካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ ከ8 እስከ 12 ሚሊዮን ዓመት በፊት የፈነዱት እሳተ ገሞራዎች ይህን አለት ከጥልቁ ይዘው ወጥተዋል፤ ከ3.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈነዱት ግን አላገኙትም። ስለዚህ ከጥልቅ የወጣ ቁራጭ ስትመዘግቡ፣ ያወጣው ፍንዳታ ዕድሜ ከጎኑ ይጻፍ።