ማተብ አስረን የምንሳሳታቸው ስህተቶች

ጾምን በበሽታ መሸፈን። ይህን ከራሴ ነው የማውቀው። ጅማ መርካቶ አካባቢ ስሠራ አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከባልደረቦቼ ጋር አንድ ሐጂ ቤት ምሳ ተጠራን። ሥጋው ሲቀርብ «ሆዴን አሞኛል» አልኩ። ጾም ነው እንዳልል የከለከለኝ ሰው አልነበረም፤ ብቻ አፈርኩ። ሐጂ ሳቅ ብለው «እኔ ጁምዓ ስሰግድ አንተ እንደምትጾም የማላውቅ መሰለህ? ሽሮህ እየመጣ ነው» አሉኝ። ለካስ እሳቸው የሚያከብሩልኝን ነገር ነው እኔ የደበቅኩት።

ጴጥሮስም ጌታውን የካደው ሰይፍ ተመዞበት አይደለም። በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት ሲሞቅ አንዲት ገረድ አየችውና «አንተም ከእርሱ ጋር ነበርህ» አለችው፤ በቃ። ትልቁን ፈተና ስንጠብቅ የገረዷ ጥያቄ ያመልጠናል። «በሰው ፊት የሚመሰክርልኝ» የሚለው ቃል ችሎት ፊት ብቻ አይሠራም፤ የምሳ ትሪ ፊትም ይሠራል።

ምስክርነትን ከጠብ ማምታታት። ባጃጅ ውስጥ መዝሙር እስከ ጥግ ከፍቶ ተሳፋሪን ማደንቆር ምስክርነት አይደለም። ያው ጴጥሮስ ኋላ ሲጽፍ ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቋችሁ መልስ ስጡ አለ፤ ግን «በየዋህነትና በፍርሃት»። ለሚጠይቁ ነው ያለው፤ ይህችን ቃል ዘለን እናነባታለን።

መከራን ራስ ሮጦ መጥራት። በሁለተኛው መቶ ዘመን በሰምርኔስ ክርስቲያኖች ሲሳደዱ፣ ከፍርግያ የመጣ ቁዊንጦስ የሚባል ሰው ራሱን አሳልፎ ሰጠ፤ ሌሎችንም ገፋፋ። አራዊቱን ሲያይ ግን ደነገጠና ለጣዖት ሠዋ። የከተማዋ ጳጳስ ፖሊካርፐስ በአንጻሩ፣ ሰዎች ሲለምኑት ገጠር ወደሚገኝ እርሻ ፈቀቅ አለ። ወታደሮቹ ሲደርሱበት ግን አልሸሸም፤ ማዕድ አስቀረበላቸው፣ ለጸሎት አንድ ሰዓት ለመነ። ክርስቶስን ስደብ ሲባል፣ 86 ዓመት አገለገልሁት፣ አንዳች አልበደለኝም፣ ንጉሤን እንዴት እሰድባለሁ አለ። የሰምርኔስ ምእመናን ታሪኩን ሲጽፉ ራሳቸውን የሚሰጡትን እንደማያመሰግኑ በግልጽ አስፍረዋል። ጀግንነት በሚወደድበት አገራችን ይህ ሳይዋጥልን ይቀራል፤ እኔ ግን ልክ ናቸው እላለሁ።

ወረቀቱን መግዛት። በ250 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የሮም ንጉሥ ዳኬዎስ ሰው ሁሉ ለአማልክት ሠውቶ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። አንዳንድ ክርስቲያኖች ሳይሠዉ ለሹማምንት ጉቦ ሰጥተው ወረቀቱን ገዙ። «ዕጣን አላጠንንም» ነው መከራከሪያቸው። ቤተ ክርስቲያን ግን እንደ ወደቁ ቆጥራ ንስሐ እንዲገቡ አደረገች።

የእኛ አገር ወረቀት መልኩ ሌላ ነው፤ አንዳንዴ ራሱ ማተቡ ነው። «ባለማተብ ነው» ሲባል ቃሉን የማያጥፍ ማለት ነበር። እንግዲህ አንገቱ ላይ ክር ያሰረ ነጋዴ በደንብ ያልደረቀ ቡና ከደረቀው ጋር ቀላቅሎ ኪሎ ቢያነሣበት ምን እንበለው? ክሩ አለ፤ ማተቡ ተበጥሷል። ገዢው ሙስሊም ከሆነማ ስለ ክርስቶስ የሰማው ስብከት ያ እርጥብ ቡና ነው።

መሥዋዕትነትን ለሰማዕታት ብቻ መተው። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አላወግዝም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጣሊያን ጥይት ወደቁ። ታሪካቸውን ስንሰማ እናለቅሳለን፤ ከዚያ ሚዛናችን ላይ እንቀመጣለን። ከእኛ የተጠየቀው ደም አይደለም፣ ከኩንታሉ ላይ የምትቀር ጥቂት ኪሎ ናት። እሷም ከበደችን።

ሐጂ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ በተለይ ዓርብ ከሆነ፣ «ሆድህ እንዴት ነው?» ይሉኛል።