ዜሮ ላይ የተቸከለው የናይትሬት መመርመሪያ

ዓሣ በሞላበት፣ ውሃው ከተቀየረ በሰነበተ ገንዳ ናይትሬት (ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣና ውሃ ውስጥ የሚጠራቀም ውህድ) ዜሮ ካለ ውሃውን ሳይሆን መመርመሪያውን ጠርጥሩ። የእኛ ባለ ሁለት ጠርሙስ ነው። ጥፋቱ የተገኘው ሁለተኛው ላይ ነው፦ ናይትሬትን መመርመሪያው በቀለም ወደሚያሳየው ናይትራይት የሚቀይረው የዚንክ ዱቄት ታች ዘቅጦ፣ የሚንጠባጠበው ፈሳሹ ብቻ ነበር።

አሁን ሁለተኛውን ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ፣ ከዚያ 30 ሰከንድ በኃይል መነቅነቅ። መመርመሪያ ቱቦ ውስጥ ላለ 5 ሚሊ ሊትር የገንዳ ውሃ ከአንደኛው 10 ጠብታ፣ ቱቦውን ገልበጥ ገልበጥ፤ ከሁለተኛው 10፣ ቱቦውን 1 ደቂቃ ሙሉ መነቅነቅ፣ 5 ደቂቃ መጠበቅ። ጠርሙሱ ካዘነበለ የጠብታው መጠን ይዛባል፤ ቀጥ አድርጉት። ቀለሙን በቀን ብርሃን፣ ነጭ ወረቀት ላይ አንብቡ፤ የማታ አምፖል ቢጫውን ብርቱካናማ ያስመስለዋል።

እንደ ጎንደር ውሃ በሮቶ ለሚያጠራቅም ቤት፦ የሮቶውንም ለብቻው መርምሩ። ናይትሬቱ ከዚያ ከሆነ ውሃ መቀየር አያወርደውም።