ዴቢያንን ወደ ሪስክ-ፋይቭ ማሻገር፦ ችግርና መፍትሄ

ላፕቶፕ ላይ ለዓመታት ሳያስቸግር የሠራ ፕሮግራም ሪስክ-ፋይቭ በሚባለው ክፍት የፕሮሰሰር ዓይነት የሚሠራ ቦርድ ላይ ሲደርስ ይወድቃል። መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «ቺፑ ገና አልበሰለም» የሚል ነው። እኔም እንደዛ እያልኩ ብዙ ቀን አቃጥያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የቺፑ አይደለም። ፕሮግራሙ ውስጥ ድሮም ነበር፤ የተለመደው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ኤክስ86 ሸፍኖለት ነው የኖረው።

የሊኑክስ ስርጭት የሆነው ዴቢያን ሪስክ-ፋይቭን በይፋ የተቀበለው በፈረንጆቹ 2023 ነው። በተረጋጋ ስሪት የወጣው ደግሞ በ2025፣ ከዴቢያን 13 ጋር ነው። ዋናው መንገድ ተጠርጓል ማለት ይቻላል። እናንተ የያዛችሁት ፓኬጅ ወይም ራሳችሁ የጻፋችሁት ፕሮግራም ግን እዛ ላይ ሞክሮት የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት ደጋግመው የገጠሙኝ ናቸው።

«ኤግዘክ ፎርማት ኤረር»

ቦርድ ሳትገዙ ላፕቶፓችሁ ላይ ስትጀምሩ መጀመሪያ የምታዩት ይሄን ነው። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የሌላ ፕሮሰሰር ፋይል ተሰጥቶት «አላውቀውም» እያለ ነው። የሌላ ፕሮሰሰር አስመስሎ ፕሮግራም የሚያስኬደውን የኪዩኢሙን ዩዘር-ስታቲክ ፓኬጅ ጫኑ። ከዛ ቢን-ኤፍኤምቲ በሚባለው የከርነል መዝገብ ውስጥ መመዝገቡን እዩ። ውጭ እየሠራ ሲኤች-ሩት (ለብቻው የታጠረ የሲስተም ፎልደር) ውስጥ ስትገቡ እምቢ ካለ፣ ምዝገባው ላይ «ኤፍ» የምትለዋ ምልክት ጎድላለች። እሷ ከሌለች ከርነሉ ኢሙሌተሩን የሚፈልገው ሲኤች-ሩቱ ውስጥ ነው፤ እዛ ደግሞ የለም።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ መልእክት አለ። «ፋይሉ የለም» ይላችኋል፤ እናንተ ግን ፋይሉን በዓይናችሁ እያያችሁት ነው። የጠፋው ፕሮግራሙ ሳይሆን እሱን ሜሞሪ ላይ የሚጭነው ሎደር ነው። የትኛውን ሎደር እንደሚፈልግ ሪድኤልፍ የሚባለው ትዕዛዝ ያሳያችኋል። የሪስክ-ፋይቭ ላይብረሪዎች ያሉበትን ፎልደር በትልቁ «ኤል» አማራጭ ለኪዩኢሙ ንገሩት፤ ይነሳል።

«ማሽን ኖት ሪኮግናይዝድ»

ከግንባታ በፊት ሲስተሙን የሚፈትሸው ኮንፊገር ገና ሲጀምር ከቆመ፣ ፓኬጁ ውስጥ ያሉት ኮንፊግ-ገስ እና ኮንፊግ-ሰብ የሚባሉ ፋይሎች አርጅተዋል። ሪስክ-ፋይቭ የሚባል ስም አያውቁም። በአዲስ ተኳቸው፣ ወይም ከግንባታው በፊት እነሱን የሚያድሰው አውቶሪኮንፍ እንዲሄድ አድርጉ። ሌላ ጣጣ የለውም።

ኮምፓይል ሆኗል፤ አማርኛው ግን ተበላሽቷል

ይሄኛውን ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፤ በተለይ አማርኛ ለሚነካ ፕሮግራም ወሳኝ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ ተቀብሎ ፊደል የሚቆጥር ትንሽ የሲ ፕሮግራም ነበረኝ። ላፕቶፔ ላይ «ሰላም» ስሰጠው 3 ይላል። ቦርዱ ላይ 9 አለኝ። ኮዱ ያው ነው፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለርም ያው ጂሲሲ ነው።

ጽሑፍ በባይት በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰ» ማለት 225፣ 136፣ 176 ነው። እኔ ኮዱ ላይ «ባይቱ ከዜሮ ካነሰ የእንግሊዝኛ ፊደል አይደለም፣ ሦስቱን እንደ አንድ ቁጠር» ብዬ ጽፌ ነበር። ኤክስ86 ላይ ቻር የሚባለው ዓይነት ከ-128 እስከ 127 ነው የሚይዘው። 225 ሲገባበት -31 ሆኖ ይነበባል፤ ከዜሮ ያንሳል፤ ቆጠራው ትክክል ይመጣል። ሪስክ-ፋይቭ ላይ ግን ቻር ከ0 እስከ 255 ነው። 225 እንዳለ 225 ነው። ከዜሮ የሚያንስ ባይት ጭራሽ ስለሌለ ሁኔታዬ አንድም ጊዜ እውነት አልሆነም። ሊኑክስ ላይ አርም፣ ፓወርፒሲና ኤስ390ኤክስም እንደዚሁ ናቸው። የሲ ስታንዳርድ ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ ሊወቀስ የሚገባው ቺፕ የለም።

ይኸው ችግር በሌላ መልክም ይመጣል። ፕሮግራሙ አያልቅም፣ ሲፒዩው 100 ፐርሰንት ላይ ይቀመጣል። ጌትቻር (አንድ ባይት የሚያነብ የሲ ፈንክሽን) የመለሰውን በቻር ተቀብሎ «ግብዓቱ አለቀ» ከሚለው ምልክት ከኢኦኤፍ ጋር የሚያወዳድር ሉፕ ፈልጉ። ኢኦኤፍ -1 ነው፤ ከ0 እስከ 255 ብቻ የሚይዝ ነገር ደግሞ መቼም -1 አይሆንም።

ለመለየት «ሳይንድ-ቻር» በሚለው የጂሲሲ አማራጭ ኮምፓይል አድርጉት። ችግሩ ከጠፋ በሽታው ታውቋል። ግን እዛ ላይ አትተዉት። ባይት የምትይዙበትን ቦታ ሁሉ «አንሳይንድ ቻር» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ፤ ጌትቻርን በኢንት (ከዜሮ የሚያንስም በሚይዝ ሙሉ ቁጥር) ተቀበሉ። ቦርድ የሌላችሁ ደግሞ እዛው ላፕቶፓችሁ ላይ «አንሳይንድ-ቻር» በሚለው አማራጭ ኮምፓይል አድርጋችሁ ቴስቱን አስኪዱ። ሳታሻግሩት በፊት ይጋለጣል።

«አንዲፋይንድ ሪፈረንስ»፣ ስሙ ውስጥ «አቶሚክ» አለበት

ኮምፓይሉ አልቆ ሊንክ ላይ፣ ማለትም ቁርጥራጮቹ ሲጋጠሙ፣ ይወድቃል። ስሙ መጨረሻ ላይ 1 ወይም 2 ቁጥር ካለ፣ የ1 ወይም የ2 ባይት አቶሚክ (መሃሉ ላይ የማይቋረጥ) ሥራ ነው የተጠየቀው። የሪስክ-ፋይቭ መሠረታዊ የአቶሚክ ትዕዛዞች ግን በ4 እና በ8 ባይት ነው የሚሠሩት። የቆየ ጂሲሲ ትንንሾቹን ሊብአቶሚክ ለሚባል ላይብረሪ ያስተላልፋል፤ ጂሲሲ 14 ራሱ እዛው ይጨርሰዋል። ኮምፓይለር መቀየር ካልቻላችሁ ሊብአቶሚክን ሊንክ አድርጉ፤ ከኦብጀክት ፋይሎቹ ኋላ ይቀመጥ። ሲሜክ በሚባለው የግንባታ መሣሪያ ወይም ኮንፊገር ውስጥ «ሪስክ-ፋይቭ ከሆነ» ብላችሁ አትጻፉ። ትንሽ ኮድ ያለሱ ሊንክ አድርጎ እንዲሞክርና ካልሆነ ብቻ እንዲጨምር አድርጉት። እንደዛ ከሆነ ቀጣዩ አርክቴክቸር ሲመጣ ማንም እንደገና አይለፋም።

ቴስቱ በቁጥር ውጤት ልዩነት ይወድቃል

አንድ ሙሉ ቁጥር ለዜሮ ሲካፈል ኤክስ86 ሲግናል ልኮ ፕሮግራሙን ይገድለዋል። ሪስክ-ፋይቭ ዝም ብሎ -1 ይመልሳል። ባለ64 ቢቱ አርም ደግሞ 0 ይላል። ስለዚህ ሲግናሉን የሚጠብቅ ቴስት እዚህ ይወድቃል። ናን (ቁጥር ያልሆነ ውጤት) የሆነ ዴሲማል ወደ ኢንት ሲቀየርም ኤክስ86 ኢንት የሚይዘውን ትንሹን ቁጥር፣ ሪስክ-ፋይቭ ትልቁን ቁጥር ይሰጣል። መፍትሄው ከማካፈል ወይም ከመቀየር በፊት በኮዱ ማጣራት ነው።

ቴስቱን ማጥፋት ቀላል ነው። እባካችሁ አታጥፉት። ያጠፋችሁት ቴስት ነገ የሌላ ሰው ዳታ የሚያበላሸውን ስህተት እያሳያችሁ ሊሆን ይችላል። ማስተካከያውን ለዋናው ፕሮጀክት ላኩት፤ ዴቢያን ውስጥ ብቻ ተለጥፎ ከቀረ በየስሪቱ እየተነሳ ያስቸግራል።

ከ150 ደቂቃ ዝምታ በኋላ ግንባታው ተገደለ

የዴቢያን ግንባታ ማሽን ለ150 ደቂቃ አንድ መስመር እንኳ ካላየ ሥራውን ይገድለዋል። ጊዜውን ከማርዘማችሁ በፊት ፕሮግራሙ ቀርፋፋ ይሁን የተንጠለጠለ ለዩ። ሲፒዩ እየበላ ካልሆነ ተንጠልጥሏል፤ ጊዜ መጨመር አያድነውም። ለዚህ ምርመራ እውነተኛ ቦርድ ወይም ሙሉ ሲስተም የሚያስመስለው ኪዩኢሙ ያስፈልጋችኋል። በኪዩኢሙ ዩዘር ሁነታ ፒትሬስ የሚባለው የከርነል ጥሪ ስለማይሠራ፣ ፕሮግራሙ ከርነሉን ምን እንደሚጠይቅ የሚያሳየው ኤስትሬስ አይረዳችሁም። በእርግጥ ቀርፋፋ ብቻ ከሆነ የቴስቱን የጊዜ ገደብ አብዙት።

ፓኬጁን ለመገንባት ራሱ ፓኬጁ ያስፈልጋል

ዶሮና እንቁላል ነው። ሰንሰለቱን ለመበጠስ ዴቢያን የግንባታ ፕሮፋይሎች አሉት። «ኖዶክ» ሰነዱን ይተዋል፣ «ኖቼክ» ቴስቱን ይተዋል። ክቡን ለመውጣት ብቻ ተጠቀሙባቸው፤ ከዛ ሙሉውን ድጋሚ ገንቡ።

«ኢሌጋል ኢንስትራክሽን»

ዛሬ ዛሬ ይሄ በብዛት የሚመጣው ሲስተም ከማሻሻል በኋላ ነው። ኡቡንቱ 25.10 ዝቅተኛ መስፈርቱን አርቪኤ23 ወደሚባለው ደረጃ አሳድጓል። እሱ የቬክተር ትዕዛዞችን (ብዙ ቁጥር በአንዴ የሚያሰሉትን) ግድ ይላል። እንደ ቪዥንፋይቭ 2 ያሉ ቦርዶች ደግሞ ቬክተር የላቸውም። ፕሮክ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ሲፒዩኢንፎን ክፈቱና «አይኤስኤ» የሚለውን መስመር እዩ። ቬክተር ከሌለ ኡቡንቱ 24.04 ላይ ቆዩ፣ ወይም ዴቢያን 13ን ጫኑ፤ የዴቢያን መስፈርት ቬክተር የማይጠይቀው አርቪ64ጂሲ ብቻ ነው። ችግሩ የራሳችሁ ፓኬጅ ከሆነ ቬክተሩን ከኮምፓይል አማራጩ አውጡ። ፍጥነቱ የግድ ካስፈለገ ፕሮግራሙ ሲነሳ ከርነሉን ጠይቆ ይምረጥ፤ ከሊኑክስ 6.4 ጀምሮ ለዚህ ኤችደብሊውፕሮብ የሚባል ጥሪ አለ።

«ስታርቲንግ ከርነል» ካለ በኋላ ጸጥ

ብዙ ጊዜ ከርነሉ እየሠራ ነው፤ የሚያወራው ግን እናንተ በማትሰሙት ወደብ ነው። የቡት መስመሩ ላይ «ኧርሊኮን እኩል ይሆናል ኤስቢአይ» የሚለውን ጨምሩ። መልእክቶቹ ከከርነሉ በታች ባለው ፈርምዌር፣ በኦፕንኤስቢአይ በኩል ከመጀመሪያው ጀምሮ ይወጣሉ። ከዛ ሩት ዲስኩን እየጠበቀ እንደቆመ ካያችሁ፣ የኤስዲ ካርዱ ድራይቨር ኢኒትራምኤፍኤስ (ከርነሉ መጀመሪያ የሚጠቀምበት ትንሽ ሲስተም) ውስጥ አልገባም።

ሁሉም ነገር ተነስቶ ኔትወርኩ ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ ከርነሉን የሚያስነሳው ዩቡት የጫነውን የዲቫይስ ትሪ (የቦርዱን ክፍሎች ለከርነሉ የሚዘረዝር) ፋይል ስም እዩ። ቪዥንፋይቭ 2 ሁለት የቦርድ ስሪት አለው፤ 1.2ኤ እና 1.3ቢ። ለየራሳቸው ፋይል አላቸው፤ የኢተርኔት ክፍላቸው ይለያያል።